ማርሹ የሚመረጠው መስመር ሳይለቀቅ ነው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰዎች ተላከልኝ። አራቱም ሞተር ይነዳሉ። አራቱም «አንብበው፣ ይጠቅምሃል» ብለው ነው የላኩልኝ። ጽሑፉ ሞተረኛ ከባድ መኪና ሲቀድም ምን ማድረግ እንዳለበት ይመክራል። አጻጻፉ ደስ ይላል። ጸሐፊው ብዙ ዓመት የነዱ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ግን ከምክሮቻቸው አምስቱ ትክክል አልመሰሉኝም። አንዳንዱማ ሰው የሚያስቀጥፍ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሲቀድሙ ማርሽ መቀነስ ነዳጅ ይበላል፣ ሞተርም ይጎዳል ይላሉ፤ ስለዚህ በያዙት ከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥቶ ማለፍ ይሻላል። ከመውጣት በፊት ከፊት ያለውን መኪና እስከ ጥጉ መጠጋት ያስፈልጋል፤ የሚታለፈው ርቀት ያጥራልና። የከባድ መኪናው ሹፌር የግራ ፍሬቻ ካበራ፣ ወይም ከፊታችን ያለ መኪና ወጥቶ ከቀደመ፣ መንገዱ ነጻ ነው ማለት ነው። ሞተር ቀጭን ስለሆነ ከፊት መኪና ቢመጣ እንኳ መሃል ላይ ቦታ አይጠፋም። በመጨረሻም፣ አንዴ ከወጡ መመለስ የለም፤ የሚገድለው ማመንታት ነው።

እኔ የምጽፈው በቀኝ ለሚነዳ ሰው ነው። በግራ የሚነዳ አንባቢ ግራና ቀኙን ይቀያይርልኝ።

ማርሽ ስለ መቀነስ

ዋናው አለመግባባታችን እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል ማለታቸው እውነት ነው። ሜዳ ላይ፣ በአንድ ፍጥነት ረጋ ብሎ ለሚሄድ ሰው አምስተኛ ማርሽ የተሠራው ለዚያ ነው። መቅደም ግን ረጋ ብሎ መሄድ አይደለም። ለጥቂት ሰከንድ በሌላ ሰው መስመር ላይ መሆን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከቁጠባ በፊት የሚያስፈልገን ቶሎ መውጣት ነው።

የራሴን ሞተር ልውሰድ። 150 ሲሲ ነው፤ አንድ ፒስተን፣ አምስት ማርሽ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስሄድ በአምስተኛ ማርሽ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በሦስተኛ ወደ 6,000 ይጠጋል። በ4,000 ዙር ነዳጁን እስከ መጨረሻ ብሰጠው የሚያወጣው 6 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። በ6,000 ዙር ቶርኩ፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበት ግፊት፣ ብዙም ካልተለወጠ 9 ይሆናል። ኃይል ማለት ቶርክ በዙር ሲባዛ ነውና።

«ከ6 እስከ 9 ምን ያህል ነው?» የሚል አይጠፋም። ነፋሱን ለመሰንጠቅና ጎማውን ለማንከባለል ብቻ በ60 ፍጥነት 3 ያህል የፈረስ ጉልበት ይሄዳል። ፍጥነት የሚጨምርልን የተረፈው ነው። በአምስተኛ 3 ይተርፋል፣ በሦስተኛ 6። እጥፍ ማለት ነው። አሁን ዳገት እንጨምርበት። እኔና ሞተሬ ተደምረን 220 ኪሎ ገደማ እንመዝናለን። ስድስት በመቶ ዳገት በዚያው ፍጥነት ለመውጣት ሌላ 3 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። ቀንሱት። በአምስተኛ ማርሽ የቀረው ዜሮ ነው! ነዳጁን እስከ ጥግ ብጠመዝዘው ያጉረመርማል እንጂ አይፈጥንም። በሦስተኛ ግን ገና 3 አለኝ። ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ተራራ ላይ ሒሳቡ ከዚህም ይብሳል።

ይህንን የተማርኩት ከወረቀት አይደለም። የዛሬን አያድርገውና እኔም በአምስተኛ ማርሽ የምቀድም ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ዳገት ላይ ከአንድ ባለ ተሳቢ ኋላ ነበርኩ። ፊት ለፊት መንገዱ ባዶ ነው። ወጣሁ። ነዳጅ ሰጠሁ። የኋላውን ጎማ አለፍኩ፣ ቀጥሎ ያለውን አለፍኩ፣ ከዚያ ቆምኩ። መንገዱ ላይ አልቆምኩም፤ ከመኪናው ጎን ቆምኩ። እሱ ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ፣ እኩል። ጎማው ክንዴን አሳልፎ እስከ ትከሻዬ ይደርሳል። ልክ በዚያች ሰዓት ዳገቱ ጫፍ ላይ የአንድ መኪና ጣሪያ ብቅ አለ።

ያኔ ነው ማርሽ መቀነስ ትዝ ያለኝ። ፍሪሲዮኑን ሰበሰብኩ፣ በግራ እግሬ ረገጥኩ። በድንጋጤ እስከ መጨረሻው አልረገጥኩትም መሰለኝ ማርሹ በሁለቱ መካከል ቀረ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ባዶውን ጮኸ። ዳገት ላይ ባዶ ማርሽ ማለት በየቅጽበቱ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ያተረፈኝ ያ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ተሳቢው ጥሎኝ አለፈ፣ ከኋላው ገባሁ፣ ያ መኪና በግራዬ ሽው አለ። ክላክስ እንኳ አላደረገም። ምናልባት እሱም እጁ ደርቆ ይሆናል።

ስህተቴ ማርሽ መቀነሴ አልነበረም። የት እንደቀነስኩት ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ከኋላ፣ በራስ መስመር ላይ፣ ምንም ሳይጣደፉ ነው። ፍሪሲዮን ሰብሰብ፣ ማርሽ አንድ ወደ ታች፣ ነዳጅ ነካ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅ። ነዳጁን ነካ የምናደርገው የሞተሩ ዙር ከአዲሱ ማርሽ ጋር እንዲገጥም ነው፤ ካልሆነ የኋላ ጎማው ይነጠቃል። ማርሹ ካልገባ ወይም ሞተሩ ካስቸገረ እዚያው የምናውቀው ነገር ነው። የከፋ ነገር አይመጣም፤ ከተሳቢው ኋላ ትንሽ ጭስ እንጠጣለን።

ጸሐፊው ማርሽ በሚቀየርበት ጊዜ ሞተሩ ለቅጽበት ጉልበት ያጣል፣ ያም አደገኛ ነው ብለዋል። በዚህ መቶ በመቶ እስማማለሁ። ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ አትቀንሱ» ማለታቸው ነው ያልገባኝ። «ስለዚህ ቀድማችሁ ቀንሱ» ማለት ነበረባቸው።

ሞተር ይጎዳል የሚለውስ? ነገሩ ግልባጩ ነው። በዝቅተኛ ዙር፣ ከባድ ማርሽ ላይ ሙሉ ነዳጅ መስጠት ነው ሞተር የሚያሰቃየው። ካቴናው ሲንቀጠቀጥ፣ ከታች ድብ ድብ የሚል ድምፅ ሲመጣ ሰምታችሁ ከሆነ ያ የፒስተኑና የኩሽኔታዎቹ ስሞታ ነው። ለአጭር ጊዜ 6,000 ወይም 7,000 ዙር መሄድ አነስተኛ ሞተር የተሠራበት ሥራ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መስመር የተሰመረው እስከዚያ ድረስ ይቻላል ለማለት ነው።

ነዳጁንም ገምቼዋለሁ፤ ይቺን ስሠራ ለራሴም ሳቅ መጣብኝ። 9 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ አነስተኛ ሞተር በስድስት ሰከንድ የሚጠጣው ቤንዚን አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በአምስተኛ ማርሽ እየተጎተቱ 12 ሰከንድ ቢፈጅ ደግሞ ከዚያ አያንስም። ቁጠባው የቱ ጋ እንዳለ እንጃ።

ስድስትና 12 ያልኩት ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። 18 ሜትር ርዝመት ያለው ተሳቢ በ45 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ከኋላው 20 ሜትር ላይ ወጥተን፣ 20 ሜትር ፊቱ ላይ እንገባለን። የሞተራችንን ርዝመት 2 ሜትር ጨምሩበት። ከእሱ በላይ የምንሄደው 60 ሜትር ነው። በ63 ብናልፈው ልዩነታችን በሰከንድ 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ 12 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ 210 ሜትር እንሄዳለን። ከፊት በ72 የሚመጣ መኪና ደግሞ 240 ሜትር ይመጣል። ባዶ ሆኖ ማየት ያለብን መንገድ 450 ሜትር ነው። በ81 ብናልፈው ስድስት ሰከንድ ነው፤ 135 ሜትር እኛ፣ 120 እሱ፣ በድምሩ 255። ይህ ሁሉ ጥርት ያለ ሒሳብ ነው፤ መጠባበቂያ አልተጨመረበትም። የፍጥነት ገደቡ 80 ወይም ከዚያ በታች የሆነበት ቦታ ከሆነም ገደቡ ይከበራል፤ ያኔ ረጅም ባዶ መንገድ እስኪገኝ መጠበቅ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልመንላቸው። አንደኛ፣ ከልክ በላይ መቀነስም አለ። ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ የወጣ ሰው ተሳቢው መሃል ላይ ሲደርስ ዙሩ ይሞላበታል፤ ከዚያ በላይ አይፈጥንም። ከጎማ ጎን ሆኖ ማርሽ ሊጨምር ነው። በከፍተኛ ፍጥነት በጣም ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባት ደግሞ ሞተሩን ከቀይ መስመሩ በላይ ያስገድደዋል። ዙር የሚገድበው መሣሪያ እዚህ አያድንም፤ እሱ የሚቆርጠው ነዳጅ ወይም እሳት ነው፣ አሁን ግን ሞተሩን የሚያዞረው የኋላ ጎማው ነው። ትክክለኛው ማርሽ ከመጀመሪያው ጉልበት ያለው፣ እስከ መጨረሻውም የሚያደርስ ነው። ለእኔ ሞተር ብዙ ጊዜ ሦስተኛ፣ አንዳንዴ አራተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ትልቅ ሞተር የሚነዳ ሰው፣ ባለ 700 ወይም 1,000 ሲሲ፣ በስድስተኛም ቢሆን ጉልበት አያጣም። ምክራቸው ለእሱ ሊሠራ ይችላል። ጽሑፉን እየተቀባበለ ያለው ግን ባለ ትንሽ ሞተሩ ነው። ማርሽ የሌለው ስኩተር የያዘ ይህንን ክፍል ይዝለለው፤ ሒሳቡን ግን አይዝለል።

ስለ መጠጋት

ርቀቱ ያጥራል ያሉት ልክ ነው። 15 ሜትር ብንጠጋ 15 ሜትር እናተርፋለን። የምንከፍለው ግን ዕይታችንን ነው።

ይህንን በእግራችሁ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ግድግዳ ጥግ ላይ ተጠግታችሁ ቁሙና ወደ ማዶ እዩ። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። የተሳቢ ኋላም ያው ጥግ ነው። ዓይናችን ከመኪናው ግራ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ከሆነ፣ ከኋላው አምስት ሜትር ላይ ሆነን የሚመጣውን መስመር መሃል የምናየው ከተሳቢው ጀርባ ወደ ፊት 20 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ወደ 20 ሜትር ስናፈገፍግ 80 ሜትር ይሆናል። አራት እጥፍ። ወደ መስመራችን ግራ ጠርዝ ጠጋ ስንል ደግሞ ጨርሶ ይከፈታል።

ሹፌሩም አያየንም። የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየነው እሱም እኛን አላየንም። ጥግ የተለጠፈ ሞተረኛ ለእሱ የለም። ፍሬን ቢይዝ ደግሞ...

አፈግፍጎ መቆየት ሌላም ጥቅም አለው። መንገዱ ሲከፈት ፍጥነቱን መጨመር የምንጀምረው በራሳችን መስመር ላይ ነው። ስንወጣ ከእሱ ፈጥነን ነው የምንወጣው። የሚመጣ ነገር ከታየን ነዳጁን ለቀቅ አድርገን እዚያው እንቀራለን። ጥግ ላይ የነበረው ሰው ግን ከዜሮ ልዩነት ተነስቶ፣ ሙሉ ፍጥነቱን የሚሰበስበው በሌላ ሰው መስመር ላይ ነው። ያተረፋትን 15 ሜትር እዚያ መልሶ ይከፍላል።

ፍሬቻና ቀድሞ የወጣው መኪና

የግራ ፍሬቻ ለብዙ ሹፌር «እለፍ» ማለት ነው። ለሌላው «አትውጣ፣ ከፊት መኪና አለ» ማለት ነው። ለሦስተኛው ደግሞ የተሠራበት ትርጉም ነው፤ ወደ ግራ ልታጠፍ ነው። ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ ይነዳሉ። ቀስ ያለ መኪና የግራ ፍሬቻ ካበራ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው በግራ በኩል መታጠፊያ መኖሩን ነው።

ደግሞስ ቅን ሹፌር ቢሆን፣ የእኔ ሞተር ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በምን ያውቃል? እሱ የሚያየው መንገዱን ነው። ሞተሬ ዳገት ላይ እንደሚያቃስት አያውቅም።

ቀድሞ የወጣውን መኪና መከተል ከዚህም ይብሳል። እሱ ያየው ክፍት ቦታ የእሱ ነው፤ እሱ ሲያልፍ እየጠበበ ነው። ሲያልፍም ከተሳቢው ፊት ያለውን ቦታ እሱ ይይዘዋል። እኔ የት ልገባ ነው? ከፊት የሚመጣው ሹፌርም የሚያየው እሱን ነው፤ እሱ ወደ መስመሩ ሲመለስ እኔ ከጀርባው ብቅ እላለሁ።

መንታ መንገድ አጠገብ የሚቀድም ሰው ያለበትን ሌላ ጉዳይ ጸሐፊው ስላልነኩት እኔ ልጨምረው። ከግራችን ካለ መጋቢ መንገድ ወጥቶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሹፌር ወደ ግራው ነው የሚያየው፤ መኪና የሚመጣበት በዚያ በኩል ስለሆነ። ባዶ መሆኑን አይቶ ይወጣል። በቀኙ በኩል፣ በእሱ መስመር ላይ፣ ተሳቢ እየቀደመ የሚመጣ ሞተረኛ ይኖራል ብሎ አይጠብቅም።

ሞተር ቀጭን ነው

ይሄኛውን በሜትር እንጨርሰው። ከባድ መኪና 2.5 ሜትር ገደማ ይሰፋል። መስመሩ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ መኪናው መሃል መሃሉን ቢሄድ፣ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ይተርፋል። ሁለት ከባድ መኪና ሲተላለፉ በመካከላቸው አንድ ሜትር አለ። ከየመኪናው የወጣውን ስፖኪዮ 25 ሴንቲ ሜትር ብለን ብንቀንስ ግማሽ ሜትር ይቀራል። የአንድ ተራ ሞተር መሪ ከጫፍ ጫፍ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው።

አይገባም። ገብቶ የወጣ አውቃለሁ የሚል ካለ፣ ሁለቱ ሹፌሮች ወደ ዳር ወጥተውለት ነው። በዚህ ላይ ነፋሱ አለ። ከተሳቢ ጎን ስንወጣ ከለላ ውስጥ ነን፤ ፊቱ ጋ ስንደርስ እሱ የሚገፋው አየር በደረታችን ይመጣና መሪውን ይነቀንቀዋል። ያንን ነቅነቅ ለማረም ሞተሩ ቦታ ይፈልጋል።

ከወጡ መመለስ የለም

ማመንታት ይገድላል ማለታቸውን እቀበላለሁ። ግማሽ ነዳጅ፣ ግማሽ ፍሬን፣ አንዴ ወጣ አንዴ ገባ የሚል ሰው ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ደግሞም ከመኪናው ፊት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን መቀጠሉ ነው የሚያጥረው። እስከዚያች ነጥብ ድረስ ግን መመለስ ሽንፈት አይደለም። ገና ከተሳቢው ኋላ ጎማ እኩል ሳለን የሚመጣ መኪና ከታየን፣ ፍሬን ይዞ ወደ ነበሩበት መግባት ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ ቀን እኔ በሕይወት የተረፍኩት በመመለስ ነው፤ ለዚያውም ሳላስበው።

የተቀነሰው ማርሽ እዚህም ይጠቅማል። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ስንለቅ ሞተሩ ራሱ ይይዘናል። በአምስተኛ ግን ይንሳፈፋል። ሞተሩ ሲይዘን የፍሬን መብራታችን እንደማይበራ ግን አትርሱ፤ ፍሬኑን ነካ ማድረግ ነው። ከኋላችን የተከተለ ሰው ቦታችንን እንዳልሞላውም ስንመለስ አንገታችንን ዞር አድርገን አይተን መሆን አለበት፤ ስፖኪዮ ሁሉን አያሳይም።

ጸሐፊው እዚህ ቦታ ላይ «ሹፌሩም አዝኖልህ ይቀንሳል» የሚል ተስፋ ጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የሚቀደም ሹፌር ወደ ዳሩ እንዲጠጋ፣ ፍጥነት እንዳይጨምር ያዛል። እንዲቀንስ የሚያስገድደው ግን መንገዱ ጠቦ ወይም ተበላሽቶ፣ ከፊት የሚመጣውም በዝቶ፣ ቀርፋፋ ወይም ግዙፍ መኪናን በደህና መቅደም ሲያስቸግር ነው። የእኔ መቅደም በሌላ ሰው ቸርነት ላይ ከተመሠረተ ከመጀመሪያውም አልተሰላም።

የጽሑፋቸውን መጨረሻ ግን ወድጄዋለሁ። «ባዶ መንገድ ላይ ተለማመዱ» ብለዋል። እኔም ያንን ነው የምለው፤ አለማመዱን ብቻ ልንገራችሁ። ረጅም፣ ባዶ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። በአምስተኛ ማርሽ በ60 ሂዱና ነዳጁን እስከ መጨረሻ ስጡ። 80 እስክትደርሱ በሰከንድ ቁጠሩ። ከዚያ ወደ 60 ተመልሳችሁ፣ ሦስተኛ አስገብታችሁ፣ እንደገና ቁጠሩ። የእኔ ሞተር በአምስተኛ 13 ሰከንድ ፈጅቶበታል፤ በሦስተኛ ስድስት። ይህም በሜዳ ነው። ጸሐፊውም በያዙት ሞተር ቆጥረው ሁለቱን ቁጥር ቢያወጡልን ደስ ይለኛል።